ትሪ አጥቦ የሄደው ሌባ

ሌባው ዕቃ አጥቦ ነበር የሄደው።

መቶ አለቃ ፍሰሐ በፖሊስነት ዘመኑ በር የሚገነጥል፣ ግድግዳ የሚሰረስር፣ ውሻ በአጥንት የሚደልል ሌባ አይቷል። የዘረፈበትን ትሪ በውኃ አለቅልቆ፣ አፉን ደፍቶ፣ እንዲንጠፈጠፍ ግድግዳ አስደግፎ የሚሄድ ሌባ ግን ገና ዛሬ ማየቱ ነው። የድሬዳዋ ልጅ በመሆኑ የአሰላን የታኅሣሥ ብርድ አልለመደውም። አሁን ግን ሙቅ ክፍል በሚሏት ጠባብ ቤት መሀል ቆሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አገሩ እየሞቀው፣ ባዶዎቹን ትሪዎች ደጋግሞ ያያል።

"ምን ነበረባቸው?" አለ።

"ሻጋታ" አለ ገብረ መድህን፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው።

ሃምሳ አለቃ ቱሳ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። "ሻጋታ ነው የተሰረቀው? እኔ ቤት ሞልቷል፤ የፈለገ በነፃ ይውሰድ።"

ገብረ መድህን አልሳቀም። አርባን የተጠጋ ወንደላጤ ነው፤ ከሲታ፣ ጋዋኑን ለብሶ የሚተኛ የሚመስል ተመራማሪ።

"መቶ አለቃ፣ ገለባ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"ከብት የሚበላው፣ ፍራሽ የሚሞላው ነዋ።"

"ስኳር ነው። ተቆላልፎ የተቀመጠ ስኳር። ያ ሻጋታ ደግሞ ቁልፉ ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱ ሰባ ስምንት፣ ዘመኑ የደርግ ነው። በአርሲ ደጋ ስንዴው በኮምባይነር ታጭዶ ሲያልቅ በተረፈው ገለባ ላይ እሳት ይለቁበታል፤ በታኅሣሥ ከኢተያ እስከ ዴራ ያለው ሰማይ በጭስ ይጠቁራል። ይኼ ሲያንገበግበው የኖረው ገብረ መድህን፣ የከተማው ሰው "ገለባ ቤት" በሚለው ትንሽ የምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ከበሰበሰ ክምር ሥር ያገኘውን አንድ ሻጋታ ዓመታት ፈጅቶ አራባ። ሻጋታው በእርጥብ ፉርሽካ ላይ ሲያድግ ኢንዛይም የሚባለውን ነገር ያወጣል። ያንን ፉርሽካ በአመድ ውኃ ተቀቅሎ በታጠበ ገለባ ላይ ጨምረው ሙቀት ውስጥ ሲያሳድሩት፣ ገለባው ይፈታና ጣፋጭ ውኃ ይወጣዋል። ለከብት መኖ ይሆናል፣ እርሾ ይራባበታል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታላላቅ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተው ይህንኑ በዓይናቸው ሊያዩ ቀጠሮ ተይዟል።

"ሌላ ቦታ ዘር አላስቀመጡም?"

"ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ወር አልፎታል። የነበረኝን ሁሉ ለሐሙስ ብዬ እዚህ ትሪዎች ላይ ዘራሁት። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ዛሬ ሰኞ ጠዋት ስከፍት የለም።"

"በምን ነበር የሚሸፈነው?"

"በኮባ። ፕላስቲክ ብንጠይቅ አልመጣልንም። ኮባ አልብሰን፣ እንዳይነሳ ድንጋይ ጫን እናደርግበታለን።"

ፍሰሐ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ኮባዎቹ እንደ ታጠበ አንሶላ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ድንጋዮቹም በወግ ተደርድረዋል። ቁልፉ አልተሰበረም። ከቦዩ አፍ ላይ የቀረች ነጭ የፉርሽካ ቁራሽ ነበረች፤ አንስቶ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጣት።

በዚህ መሀል የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ሣህሌ ገባ። ሣህሌ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

"ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህ ተራ ስርቆት አይደለም። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ገብረ መድህን የገዛ ሥራውን አይሰርቅም፤ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ከዲሮ ታስሯል። ሐሙስ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አለ፤ ከነክሱ ይላካል።"

"ከዲሮ ሻጋታ ምን ያደርግለታል?"

"እሱን እዚያ ይናገራል።"

በዚያ ዘመን አሻጥር ተብሎ በዚያ መኪና የተሳፈረ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም። ፍሰሐ ትሪዎቹን በአገጩ አመለከተ።

"ይኼ አሻጥረኛ ግን ትሪ ያጠበው ለምንድነው?"

"ማስረጃ ለማጥፋት!"

"ኮባውንስ ያጣጠፈው?"

ሣህሌ ኮባውን አየ። ተቆጣና ወጣ።

*

ከዲሮ እስር ቤቱ ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ የአርሲ ሰው ነው። አማርኛ ሲናገር ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይላል፤ ማንም ተቀይሞት አያውቅም።

"ጋሽ ከዲሮ፣ እሑድ ግቢው ውስጥ ሌባ የሚመስል ሰው አይተዋል?"

"ዋላሂ! ሌባ ቢገባ ሬሳዬን ተራምዶ ነው።"

"እንግዳ ሰውስ?"

"እንግዳ የሚባል አልመጣም።"

"ቁልፉ የት ይውላል?"

"አንዱ እዚህ ነበር" አለ ቀበቶውን እየመታ፣ "ሌላው ገብረ መድህን ቤት፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ። መቶ አለቃ፣ አንተ ሰው ትመስላለህ። እኔ ስንዴ ቢሰረቅ ይገባኛል፣ በሬ ቢሰረቅ ይገባኛል። የሻገተ ፉርሽካ ሰርቄ ለሚስቴ ምን ብዬ አስገባዋለሁ?"

ሚስቱ ሀጂራ ከበሩ ውጪ ወተት የሞላ ቅል ይዛ ቆማለች። አማርኛ አያቅታትም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ቃል እንዳይስታት ፈርታ ለቱሳ በኦሮምኛ ነገረችው። ቱሳ ፊቱ ጠቆረ።

"ሐሙስ ይወስዱታል የሚሉት እውነት ነው ወይ ትላለች። ምን ልበላት?"

ፍሰሐ እውነት ነው ማለት አልፈለገም፤ ውሸት ነው ማለትም አይችልም።

"ሐሙስ ገና አልደረሰም በላት" አለ።

*

የገብረ መድህን መኖሪያ ከሙቅ ክፍሉ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። አልጋው ሥር የቆሸሹ ሸሚዞችና ካልሲዎች ተራራ ሠርተዋል። በሩ አጠገብ ያለው ጫማ ጥቁር ጭቃ ደርቆበታል፤ አሰላ ላይ ግን ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል።

"ይቅመሱ፣ የእናቴ ነው። ከኢተያ ነው የምታመጣልኝ።" ገብረ መድህን ዳቦውን ቆረሰለት። ገና ለስላሳ ነው።

"እሑድ የት ዋሉ?"

"እዚሁ። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ዋልኩ።"

"ቀኑን ሙሉ? ይህን ግድግዳ እየተጋሩ ትሪ ሲታጠብ አልሰሙም?"

"እንቅልፍ... ከባድ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።"

"እናትዎ መቼ መጡ?"

ገብረ መድህን ዳቦውን አየ፣ ጣራውን አየ። "ቅዳሜ" አለ።

ረዳቱ አልጣሽ የበቆጂ ልጅ ናት፤ አሰላ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ቀልጣፋ፣ ስትዋሽ ጆሮዋ የሚቀላ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ከተመለሰች በኋላ ፀጉሯን ታጥባ ቤቷ መዋሏን ተናገረች። ጆሮዋ ቀላ። ቱሳ ብድግ ብሎ አከራይዋ ዘንድ ሄደና ተመለሰ።

"በጠዋት አውቶቡስ ወጥታ ማታ ነው የገባችው ይላሉ። ሁለቱም ይዋሻሉ፣ አለቃዬ።"

ፍሰሐ ማክሰኞን ሙሉ ይህን ሲያላምጥ ዋለ። ሻጋታው እንደተወራለት ባይሠራስ? እንግዶቹ ሐሙስ መጥተው ከሚያፍር ተሰረቀብኝ ማለት ለገብረ መድህን አይሻለውም? ልጅቷ ታግዘዋለች፣ ዘበኛው ይታሰርላቸዋል። ነገሩ ሁሉ ይገጥማል፤ ትሪውና ኮባው ብቻ አሻፈረኝ አሉ። አስመሳይ ሌባ ቢሆን በሩን ይሰብር ነበር እንጂ ቤት አያጸዳም። ደግሞ ያ ሰውዬ ስለ ሻጋታው ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያዝል ነበር፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስመስል ሰው ገለባ ቤት ምን ይሠራል?

*

ቱሳ ደግሞ የራሱ ግምት ነበረው። "ስኳር ካለ አረቄ አለ" አለና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አለቃውን ወደ ማሚቱ ቤት ወሰደው። ማሚቱ በአሰላ የታወቀች አረቄ አውጪ ናት፤ ፖሊስ ቤቷን ሲፈትሽ እየተከተለች የምትሰድብ፣ ፈትሾ ሲጨርስ ደግሞ መለኪያ የምታቀርብ።

ጋኑ ሁሉ ተከፈተ። ምንም አልተገኘም። ፍሰሐ ሊወጣ ሲል ትዝ አለውና የክብሪት ቀፎውን ከፈተላት።

"እስቲ ይህን እይልኝ።"

አሸተተችው፣ በጣቷ ፈረፈረችው። "ፉርሽካ ነው። ማን ነው ፉርሽካ እንደ ብቅል የሚያደርግ ሞኝ?"

"እንደ ብቅል ስትይ?"

"እንዴት ነበር የተቀመጠው?"

"ኮባ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖት፣ ሙቅ ቤት ውስጥ።"

"ታዲያ ብቅል ነዋ! ብቅል የሚበቅለው እንዲያ አይደለም እንዴ? ይኼ ደግሞ ነጭ ድር አውጥቷል፤ ሳይሰጣ የሰነበተ ብቅል ይመስላል። ደንገዝገዝ ያለ ቤት ውስጥ ብታሳየኝ እኔም እሸወድ ነበር።"

"ብትሸወጂ ምን ታደርጊ ነበር?"

ማሚቱ ጥያቄው ገረማት። "አወጣውና ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ! የማንም ይሁን። የሰው ብቅል ሲበላሽ እያየች የምታልፍ ሴት አለች?"

"ለባለቤቱ ሳትነግሪ?"

"ለድግስ ከሆነማ አፌንም አልከፍት። የድግስ ብቅል አይወራም፣ ዓይን ይገባበታል። ጠላው እስኪጠመቅ ጭጭ ነው።"

ፍሰሐ መለኪያውን ሳይነካ ወጣ። አንድ ነገር በአእምሮው ጓዳ እየተንጎዳጎደ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዘውም።

*

ረቡዕ ጠዋት ከከዲሮ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ጋሽ ከዲሮ፣ ሌባም እንግዳም አልጠይቅዎትም። እሑድን ከጠዋት ጀምረው ያውሩልኝ። በሩን በከፈቱ ቁጥር ለማን እንደከፈቱ።"

ከዲሮ ጋቢውን አስተካከለ። ማውራት ይወዳል፤ እስከ ዛሬ ያጣው የሚሰማው ነው።

"ጠዋት ለገብረ መድህን ከፈትኩ። ያቺን ጥሩ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጫማውን ጠርጎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሙሽራ መስሎ..."

"ወጣ? ተኝቶ አልዋለም?"

"ማታ ነው የተመለሰ። ከዚያ አንዷ ላም ገመድ በጥሳ ልትወጣ ስትል ከፈትኩ፣ መለስኩ። ከዚያ ለእናቱ ከፈትኩ።"

ፍሰሐ አልተንቀሳቀሰም። "ለእናቱ።"

"ወለተ ማርያም። ዳቦ ይዛ መጣች፤ ልጇ የለም። ቤቱን ጠራረገች፣ ውኃ አስቀዳችኝ፣ ብዙ ቆየች። ስትሄድ እንደ ሁልጊዜው የልጁን እድፍ ልብስ በጆንያ ሞልታ፣ ለማጠብ። እኔ ራሴ ተሸክሜ ጋሪ ላይ ጫንኩላት። ደስ ብሏት ነበር፤ መረቀችኝ።"

"ልብሱ ከበደዎት?"

"ኧረ እርጥብ ነበር፣ ይከብዳል። እኔም ይኼ ልጅ ላብ ያበዛል አልኩ።"

በሩ ላይ የቆመው ቱሳ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ፍሰሐ በዓይነ ሕሊናው አልጋው ሥር ያለውን የሸሚዝ ተራራ አየ። ያደፈው ልብስ ከቤት አልወጣም።

"ጋሽ ከዲሮ፣ ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?"

ከዲሮ ከልቡ ተገረመ። "አንተ ሌባ መጣ ወይ አልክ፣ እንግዳ መጣ ወይ አልክ። የልጇን ቤት የምታጸዳ እናት ሌባ ናት? እንግዳ ናት?"

*

ገብረ መድህንና አልጣሽ ገለባ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳይነጋገሩ ተቀምጠው አገኛቸው።

"እሑድ ተኝተው አልዋሉም" አለ ፍሰሐ። "እናትዎም የመጡት ቅዳሜ አይደለም። ቤት ብሆን አገኛት ነበር ብለው ነው ቀኑን የቀየሩት። የት ነበራችሁ?"

አልጣሽ ቀድማ ተናገረች። "በቆጂ፣ አክስቴ ዘንድ። ወደ አባቴ ሽማግሌ ቢላክ ይቀበል እንደሆነ ልንጠይቃት። አባቴ ሽማግሌ ሳይላክበት ከወንድ ጋር መታየቴን ቢሰማ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃል።" ጆሮዋ አልቀላም።

"ጭቃውም የበቆጂ ነው" አለ ቱሳ።

"ስምዋን ላድን ብዬ ነው" አለ ገብረ መድህን። "የእናቴ መምጣት ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ምን አደረገች?"

"ስምዋን ሲያድኑ ከዲሮን ሊያስበሉት ነበር" አለው ፍሰሐ። መቆጣት ስለማይወድ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። "ተነሱ፤ መኪናው ላይ ውጡ።"

*

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ኢተያ ከቤታቸው ጓሮ፣ ዙሪያውን በአጥር በታጠረ ቦታ፣ ዱላ ይዘው ዶሮ ይከላከላሉ። ከፊታቸው በተዘረጋው ሰሌን ላይ ነጣ ያለ ፉርሽካ በቀትር ፀሐይ ተሰጥቷል። የፖሊስ ልብስ ብቅ ሲል ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው ሰሌኑ ላይ ጣሉ።

"ዓይናችሁን መልሱ! ዞር በሉ!" ልጃቸውን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ። "ምን አስቸኮለህ? በደንብ አልደረቀም እኮ ገና። ነገ ነው የማስፈጨው።"

ገብረ መድህን ሰሌኑ አጠገብ ተንበረከከ። "እማዬ፣ ምን አደረግሽው?"

"ምን አደረግሽው ይለኛል! ሊበላሽብህ ሲል አዳንኩልህ እንጂ።" ወደ ፍሰሐ ዞሩ፤ ሊያወሩት ሲያንገበግባቸው የሰነበተ ደስታ ነው። "እሑድ ብመጣ የለም። ሥራ ቦታው ይሆናል ብዬ ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ ገባሁ። ኮባውን ገለጥ ባደርግ፣ ብቅል! ያውም ይኼን ያህል ትሪ፣ ለአንድ ቤት የማይሆን፣ የድግስ! ጥር ሊገባ ነው። አግባ ብዬ ስለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለኝ ልጅ ደብቆኝ ሊያገባ ነው አልኩ። እልል ልል ነበር፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ወንድ ልጅ ብቅል የት ያውቃል? ነጭ አውጥቶበታል። ልብሱን ትቼ ብቅሉን በጆንያ አድርጌ መጣሁ፤ ትሪውን አጥቤ፣ ኮባውን አጥፌ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የሠርግ ብቅል ይወራል?"

ፍሰሐ ሊናገር የሚገባውን መናገር ከበደው። "እናቴ፣ በዚህ ነገር ሰው ታስሯል። ዘበኛው ከዲሮ። ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት ነው።"

ዱላው ከእጃቸው ወደቀ። "ጆንያውን የተሸከመልኝ? የመረቅኩት ሰው?" ሰሌኑን አዩና ከወገባቸው ቀና አሉ። "መኪናችሁ ላይ አውጡኝ። በእሱ ፈንታ እኔን እሰሩኝ።"

ፉርሽካውን ሰብስበው ጆንያ ውስጥ ሲጨምሩ አሮጊቷ ልጃቸውን በዝግታ ጠየቁት። ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ጥያቄ ነበር።

"እንግዲህ ሠርግም የለም?"

ገብረ መድህን አልጣሽን አየ። አልጣሽ በጓሮው በር ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፤ ራሷን ዝቅ አደረገችለት።

"ሠርግ አለ፣ እማዬ" አለ። "ብቅሉ ነው ብቅል ያልሆነው።"

*

ጓድ ሣህሌ ታሪኩን ቆሞ ሰማ። ሁለት ጊዜ ሊስቅ ብሎ ሁለቱንም ጊዜ ዋጠው።

"ሻጋታው ከነሕይወቱ ካልተመለሰ ጥፋቱ ጥፋት ነው" አለ። "የመንግሥት ንብረት ወድሟል፤ ያወደመች አለች፣ ተሸክሞ የጫነም አለ። ነገ ጠዋት እኔ የምፈርመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሠርቷል፣ ወይ ሞቷል።"

ገብረ መድህን ከደረቀው ፉርሽካ ዘግኖ በለብ ያለ ውኃ በጠበጠ። አልጣሽ የተቀቀለውን ገለባ በድስት አቀረበች። ቀላቅለው ከደኑትና ሙቅ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ መርማሪም ተመራማሪም የሚያደርገው ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ማለዳ የመኪናው ሞተር ግቢው በር ላይ ይንተከተካል። ከዲሮ እጁን በገመድ ታስሮ ከጎኑ ቆሟል። ሀጂራ ስንቅ ቋጥራለች፤ ወለተ ማርያም ከአጠገቧ ቆመው ክንዷን ይዘዋል። ገብረ መድህን ድስቱን ሲከፍት ትናንት እንደ ሽቦ ይቆም የነበረው ገለባ ላሽቆ፣ ቢጫ ውኃ ውስጥ ሰጥሟል። በማንኪያ ቀዳና ለሣህሌ ሰጠው።

ሣህሌ ቀመሰ። ሁለተኛ ቀመሰ።

"ይጣፍጣል" አለ፣ ቅር ያለው ያህል።

"ኢንዛይሙ በፀሐይ አልሞተም!" ገብረ መድህን ጮኸ። "ድሮም ላደርቀው እፈልግ ነበር፣ ይሞትብኛል ብዬ ሳልደፍር ቀረሁ። እርጥቡ ከሰሞኑ አያልፍም ነበር፤ ይኼ ግን በጆንያ በቆጂ ድረስ ይላካል! ዘሩም ከውስጡ አለ!"

ቱሳ ማንም እስኪያዘው አልጠበቀም። ሮጦ ሄዶ ገመዱን ፈታ። ሀጂራ ስንቋን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ወለተ ማርያም ከዲሮን ጋቢ አለበሱት። ገብረ መድህን መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስለ እሑድ የዋሸሁት እኔ ነኝ" እያለ። ከዲሮ ጎትቶ አነሳው። "ተነስ፣ ተነስ። ላብህ ግን በዛ" አለው።

ከሰዓት በኋላ ሣህሌ ለእንግዶቹ ንግግር ሲያደርግ ፍሰሐ ከኋላ ቆሞ ሰማ። "ጓዶች፣ በዕቅዳችን መሠረት የማድረቅ ሙከራችንን በኢተያ አካሂደን ውጤታማ ሆነናል" ይላል። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፍሰሐም አጨበጨበ፤ ብርዱ እንኳ ያን ዕለት ቀለል ብሎት ነበር።

*

ከገና በኋላ በቆጂ ላይ፣ የአልጣሽ አባት የአቶ ወልደአማኑኤል ቤት ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው "ግቡ" እስኪባሉ ጠበቁ። ፍሰሐ፣ ቱሳና ከዲሮ። ገብረ መድህን ራሱ ነበር ከዲሮን የለመነው።

አቶ ወልደአማኑኤል ገብስ አምራች፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሁለት ፖሊስና አንድ ዘበኛ ለሽምግልና ሲመጡባቸው ያልደነገጡ ለመምሰል እየጣሩ ነው። ፍሰሐ ስለ ልጁ ትምህርትና ጠባይ ያጠናውን ተናገረ። አባትየው አልተንቀሳቀሱም።

"ጥሩ። ለዚህ ልጅ ዋስ የሚሆነው ማን ነው?"

"እኔ" አለ ከዲሮ።

"አንተ ልጁን በምን ታውቀዋለህ?"

"በእሱ ሻጋታ ሰበብ ታስሬያለሁ።"

ቱሳ ሳል ያዘው። ፍሰሐ ዓይኑን ጨፈነ።

"እስር ቤት ከትተውኝ ነበር" ቀጠለ ከዲሮ፣ ሳይቸኩል። "ስፈታ እሱ በሩ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለቃው እያየ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ማንም አላስገደደውም። ወልደአማኑኤል፣ አንተም ሽበት አለህ፣ እኔም አለኝ። ሲያጠፋ ያየነው ሰው ስንት ነው? ፊት ለፊት ቆሞ እኔ ነኝ ያለውስ? እኔ ሴት ልጅ ቢኖረኝ ለሌላ አልሰጥም ነበር።"

አቶ ወልደአማኑኤል ከዲሮን አዩት። በወጉ፣ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ።

"አበራሽ!" ብለው ሚስታቸውን ጠሩ። "ገብሱን ለብቅል ዛሬውኑ ንከሪው።"